በሁለት ስም የሚጠሩ ልጆች
ወጣቶች መልካሙን እንዲመርጡ ወላጅና ደብር ምን ይርዱ? በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የምሥረታ በዓል በተከበረ ቁጥር ስለ ሕንፃው፣ ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ፣ በብርድና በበረዶ እየተመላለሱ ደብሩን ስላቆሙት ምእመናን ይወሳል። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ደብርን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው ግድግዳ ሳይሆን ልጅ ነው። ዛሬ በቅዳሴ ጊዜ ጥላ የሚይዘው የ14 ዓመት ልጅ፣ ከበሮ የምትመታው የ15 ዓመት ልጅ፣ ማምሻውን ወደ ቶየን አደባባይ ሲወርዱ ምን ይጠብቃቸዋል? ማንስ ይጠብቃቸዋል? የዛሬው ትምህርት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል።

ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ ወደ ባቢሎን ሲወሰዱ ገና ብላቴኖች ነበሩ። የባዕድ አገር ቋንቋና ጽሕፈት ተማሩ። አዲስ ስምም ወጣላቸው፤ ዳንኤል ብልጣሶር፣ አናንያ ሲድራቅ፣ ሚሳኤል ሚሳቅ፣ አዛርያ አብደናጎ ተባሉ። በኦስሎ የሚያድጉ ልጆችም እንዲሁ በሁለት ስም ይኖራሉ። አንዱ በጥምቀት የተሰጣቸው የክርስትና ስም ነው፤ ሌላው በትምህርት ቤት መዝገብ የሚጠሩበት፣ አንዳንዴም ለኖርዌጂያን አንደበት እንዲመች ያጠረው ነው። እነዚያ ብላቴኖች ትምህርቱን አልናቁም፤ በአዲሱ ስም መጠራትንም ጠብ አላደረጉትም። እምቢ ያሉት በንጉሥ ማዕድና በወይን ጠጁ መርከስን ነው። የሚቀበሉትን ከማይቀበሉት ለዩ ማለት ነው። ለወጣት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ታሪኩን በጥንቃቄ ያየ ሰው ያ ምርጫ በብላቴኖቹ ብርታት ብቻ እንዳልተፈጸመ ያስተውላል። ሦስት ነገሮች ረድተዋቸዋል። አንደኛ፣ ከአገራቸው ሳይወጡ የተማሩት ነገር ነበር። ሁለተኛ፣ አራት ስለ ነበሩ ማንም ብቻውን አልቆመም። ሦስተኛ፣ በእነርሱ ላይ የተሾመው መጋቢ ሰማቸው፤ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እየወሰዱ አሥር ቀን እንዲፈተኑ ፈቀደላቸው። ትምህርት፣ ጓደኛ፣ የሚሰማ አዋቂ፤ ወጣት በጎውን እንዲመርጥ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው።

በዚህ ዘመን በወጣቱ ፊት የቀረበው ማዕድ ምን ዓይነት ነው? በከንፈር ሥር የሚቀመጠው ስኑስና ጣፋጭ ሽታ ያለው ቬፕ አለ። ወላጆች በሌሉበት ቤት የሚደረግ የመጠጥ ግብዣ አለ፤ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያም የሩስ በዓል ይመጣል። ሀሺሽና የሣቅ ጋዝ አሉ። እስከ ሌሊቱ እኩሌታ የማያስተኛ ስልክ አለ፤ በዚያው ስልክ ቀላል ሥራ መስሎ የሚመጣ የወንጀል ግብዣም አለ። በኖርዌይ የወንጀል ተጠያቂነት ከ15 ዓመት ዕድሜ ይጀምራል። ቢራና ወይን ከ18፣ ጠንካራ መጠጥ ከ20 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም። ሕጉ እንዲህ የጠነከረበት ምክንያት አለው። ከሰው አእምሮ ክፍሎች መካከል መዘዝን አስቀድሞ የሚያመዛዝነውና ስሜትን የሚገታው የግንባር ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ደስታን የሚሻው ክፍል ግን ቀድሞ ይነቃል። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ትክክለኛውን እያወቀ በጓደኞቹ ፊት ሌላውን ቢመርጥ ክፉ ሆኖ ተፈጥሯል ማለት አይደለም። ልጓሙ ገና እየተሠራ ነውና እስኪጠነክር ድረስ የአዋቂ እጅ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ረድኤት፣ ትምህርት፣ ከቤት ይጀምራል። ልጅ ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ይማራል። በማኅበር፣ በክርስትናና በሠርግ ቤት ለሰዓታት ሲጠጣና መሪ ይዞ ሊነዳ ሲነሣ ያየውን አባት፣ «አልኮል መጥፎ ነው» ቢለው አይቀበለውም። በኖርዌይ ጫት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከአደንዛዥ ዕፆች ተቆጥሮ የተከለከለ ነው፤ እርሱን «የአገር ባህል ነው» እያለ የሚቅም ቤተሰብ ልጁን ስለ ሀሺሽ የሚገሥጽበት አፍ አይኖረውም። በኢትዮጵያም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልና ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጡ ከልክሏል። «በአገር ቤት እንዲህ አይደለም» የሚለው ምክንያት እንግዲህ አይሠራም።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ትምህርት የቆየ መሣሪያ አላት፤ እርሱም ጾም ነው። ጾም ለወጣት «ሥጋ አትብላ» በሚል ትእዛዝ ብቻ ከደረሰው ሸክም ይሆንበታል። የሚወዱትን ነገር ለጊዜው መተው መቻልን የሚያለማምድ መሆኑ ሲገለጽለት ግን ትርጉም ያገኛል። ሽሮ ፊት ለፊቱ እያለ እስከ ሰዓቱ መቆየት የቻለ ልጅ፣ በግብዣ መካከል ብርጭቆ ሲቀርብለት «ይቅርብኝ» ለማለት ልምምዱ አለው። በዐቢይ ጾም ቤተሰቡ ሁሉ፣ አባትና እናት ጭምር፣ ስልካቸውን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ቢያስቀምጡ ልጆቹ ጾሙ የሁሉም መሆኑን ያያሉ፤ እንቅልፍም ያተርፋሉ።

ስለ ቅጣት ደግሞ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ብዙ ወላጆች ያደጉት በአለንጋና በቁንጥጫ ነው። በኖርዌይ ልጅን መምታት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። አንዳንዱ ወላጅ አለንጋው ሲወሰድበት ሥልጣኑም አብሮ የተወሰደበት ይመስለውና ልጁን ፈጽሞ ዝም ይለዋል። ዝምታውም እንደ ዱላው ይጎዳል። ጥቂት፣ ግልጽና የማይዋዥቁ ደንቦች ያሉት ቤት ሥልጣኑን አላጣም፤ የመግቢያ ሰዓት ይታወቃል፣ የት እንደሚሄዱና ከማን ጋር እንደሚሆኑ ይጠየቃል፣ ምክንያቱም ይነገራል። ነቢዩ ሳሙኤልን ያሳደገው ካህኑ ዔሊ በገዛ ልጆቹ በአፍኒንና በፊንሐስ የተወቀሰው ስላልደበደባቸው ሳይሆን ጥፋታቸውን እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው። ካህን መሆኑም፣ በመቅደስ መኖሩም ከዚያ ወቀሳ አላዳነውም።

ሁለተኛው ረድኤት ጓደኛ ነው። ጓደኛ የሚገኘው ደግሞ በቦታና በጊዜ ነው። በዚህ ረገድ የቶየን ታሪክ አስተማሪ ነው። የሙንክ ቤተ መዘክር ከ1963 ጀምሮ በቶየን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ብዮርቪካ እንዲዛወር ሲወሰን ከተማይቱ ለሠፈሩ ማካካሻ ይሆን ዘንድ «የቶየን ማንሻ» የተባለ የልማት ስምምነት ገባች። ከዚያ በኋላ ከመጡት መልካም ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የተከፈተው ቢብሎ ቶየን ነው። ይህ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ለሆኑ ልጆች ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ ከሠራተኞቹ በቀር አዋቂ አይገባበትም። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ ያነባሉ፣ ይሠራሉ፣ አሮጌ የጭነት መኪና ወጥ ቤት ሆኖላቸው ምግብ ያበስላሉ። ከትምህርት ቤት መውጫ እስከ እራት ያለው ሰዓት ባዶ ከተተወ ሌላ ሰው እንደሚሞላው የተረዳ ሰው የሠራው ቤት ነው። ከ1814 ጀምሮ የቆመው የዕፅዋት ማዕከልም ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይገኛል። ቤተሰብ ከቅዳሴ በኋላ አብሮ የሚሄድበት ቦታ ሩቅ አይደለም።

ሰፋ አድርጎ ለማየት የአይስላንድ ምሳሌ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያች አገር ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆች መካከል 42 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ሰክረው እንደ ነበር ተናገሩ። በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 5 በመቶ ወርዷል። በየቀኑ የሚያጨሱትም ከ23 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወርደዋል። አይስላንዳውያን ልጆቻቸውን በማስፈራራት ወደዚህ አልደረሱም። ወላጆች በየትምህርት ቤቱ ተሰብስበው የጋራ ቃል ኪዳን ገቡ፤ ልጆች በምሽት ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ደጅ እንዳይቆዩ ተስማሙ፤ ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለሥነ ጥበብ ገንዘብ ተመደበ፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር የሚያሳልፉትን ጊዜ እንዲያበዙ ተመከሩ። ዋናው ቁም ነገር ስምምነቱ ነው። አንድ ቤት ብቻውን «በአራት ሰዓት ግባ» ሲል ልጁ «ሌሎቹ ሁሉ ይፈቀድላቸዋል» ይላል። አሥር ቤት ሲስማማ ግን ያ ክርክር ያከትማል።

በደብሩ ያሉ ቤተሰቦች ይህን ለማድረግ ከማንም ይልቅ የተመቹ ናቸው፤ በየሳምንቱ ይገናኛሉና። የወጣቶቹ ወላጆች ተሰብስበው ስለ መግቢያ ሰዓት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ግብዣና ስለ ሩስ አንድ ስምምነት ቢያደርጉ ወጪ የለውም። የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ፣ ፎረልድረሜተ፣ ሲጠራም መቅረት አይገባም፤ የልጅ ጓደኞች ወላጆች የሚታወቁት በዚያ ነው። በየከተማው ቢጫ ልብስ ለብሰው ዓርብና ቅዳሜ ማታ በጎዳና የሚመላለሱት ናተራቭን የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች አይጣሉም፣ አይከሱም፤ አዋቂ መኖሩን ያሳያሉ እንጂ። የደብሩ አባቶችና እናቶች በወር አንድ ማታ ከእነርሱ ጋር ቢወጡ የሠፈሩ ልጆች ያውቋቸዋል፤ እነርሱም ልጆቹ የሚኖሩባትን ከተማ ያውቃሉ።

ሦስተኛው ረድኤት የሚሰማ አዋቂ ነው፤ ችግሩ የበረታውም በዚህ ላይ ነው። በብዙ ቤት ልጁ አማርኛውን በግማሽ፣ ወላጁ ኖርዌጂያኑን በግማሽ ይናገራል። ስለ እራትና ስለ ቤት ሥራ ለመነጋገር ይህ ይበቃል፤ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ኀዘንና ስለ ፈተና ለመነጋገር ግን አይበቃም። አልፎ አልፎም ልጅ በሐኪም ቤት ወይም በትምህርት ቤት ለእናቱ አስተርጓሚ ይሆናል። ስለ ራሱ ጥፋት የሚነገረውን ራሱ የሚተረጉም ልጅ እናቱን ሳይወድ ያስታል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የጸናው የአስተርጓሚ ሕግ ልጆችን ለዚህ ሥራ ማሰለፍን ይከለክላል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «የሀገሬ ሰው ገበናዬን ይሰማል» ብሎ የሚሰጋ ወላጅ አስተርጓሚው ምስጢር እንዲጠብቅ በሕግ የታሰረ መሆኑን ይወቅ፤ በስልክ ከሌላ ከተማ እንዲቀርብለትም መጠየቅ ይችላል።

ከቋንቋ ይልቅ ደግሞ ይሉኝታ ይጎዳል። አንድ ቤት ልጁ መጠጣት እንደ ጀመረ ሲያውቅ በመጀመሪያ የሚያስበው «ሰው ምን ይላል?» ነው። ነገሩ ይደበቃል፤ ልጁም ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ይተዋል፤ ለጠያቂው «ፈተና አለበት» ይባላል። በዓመቱ ችግሩ ሲገለጥ ቅጠል ያጠፋው የነበረው እሳት ጎርፍ የማያጠፋው ሆኗል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። የሰው ልጅ ሲወድቅ በቡና ላይ የሚያወራ ምእመን፣ ያ ቤት ርዳታ እንዳይጠይቅ በሩን እንደ ዘጋበት ሊያውቅ ይገባዋል።

ርዳታው ግን ቅርብ ነው። የወጣቶች ሄልሰስታሾን በነጻ ያገለግላል። የትምህርት ቤቱ ነርስ ታዳምጣለች። በልጆች መጠሪያ ስልክ 116 111 ማንኛውም ልጅ መደወል ይችላል። ባርነቫርን ሲባል ብዙ ወላጆች የሚያስቡት ልጅ መነጠቅን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ወላጅ ራሱ ቀድሞ ምክርና ድጋፍ ሊጠይቀው የሚችል መሥሪያ ቤት ነው። በቤተ ክርስቲያንም ወጣቱ የራሱ ሰዎች አሉት። የንስሐ አባት ቀኖና ከመስጠቱ በፊት ያዳምጥ፤ ወጣቱ የሚናገርበትን ቋንቋ የሚያውቅ ካህን ካለም ይመደብለት። የክርስትና አባትና እናትም በ40ና በ80 ቀን የገቡት ቃል በጥምቀቱ ዕለት ግብዣ አልተፈጸመም። ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው አንድ ጊዜ ደውለው ሻይ ቢጋብዙት፣ ለወላጁ ሊናገረው ያልቻለውን የሚያወጣበት በር ሊከፍቱለት ይችላሉ።

አንድ ልጅ ሰክሮ በመጣበት ሌሊት ምን ይደረግ? በዚያች ሌሊት ስብከት አይጠቅምም፤ ጩኸትም አይጠቅምም። በጎኑ ይተኛ፤ ብቻውን አይተው፤ ቢቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከተለወጠ ወዲያው ወደ 113 ይደወል። ንግግሩ ለነገ ይቆይ። በማግስቱ ሲነጋገሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አዋረድከን?» አይሁን፤ «ምን ሆነህ ነው?» ይሁን። በማናቸውም ሰዓት «መጥታችሁ ውሰዱኝ» ብሎ መደወል እንደሚችል፣ በዚያች ሌሊትም ቁጣ እንደማይጠብቀው ያወቀ ልጅ ከሰከረ ሰው መኪና ውስጥ አይገባም።

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅ በቅዱስ ገብርኤል ከእሳት የዳኑበትን በዓል ታከብራለች። ልጆች ሁሉ የእሳቱን ታሪክ ያውቃሉ፤ ከእሳቱ በፊት የነበረውን የማዕዱን ታሪክ ግን ብዙዎቹ አልሰሙም። እነዚያ ብላቴኖች በንጉሡ ምስል ፊት ሳይሰግዱ የቆሙት አስቀድመው በትንሹ ነገር፣ በአንድ ሳሕንና በአንድ ጽዋ ላይ፣ መምረጥን ስለ ተለማመዱ ነው። ወላጅና ደብር ለወጣቱ የሚያደርጉለት ይህንኑ ነው፤ ታላቁ ፈተና ሳይመጣ በትንሹ እንዲለማመድ ማስተማር፣ ብቻውን እንዳይቆም ጓደኛ ማግኘት፣ ሲናገርም መስማት።

የአናንያ፣ የአዛርያና የሚሳኤል አምላክ በስደት አገር የሚያድጉትን ልጆች ሁሉ ይጠብቅ፤ ለወላጆች ጥበብን፣ ለካህናት ትዕግሥትን ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።