የመግዛት ኃይል የሌለው ገንዘብ፤ ስለ ተሰረዙ ናሙና ኖቶች



መሐንዲስ የተሠራን ዕቃ የሚመረምረው በመለኪያ ነው። የወረቀት ገንዘብም የራሱ መለኪያ አለው፤ ይኸውም የተሰረዘ ናሙና ኖት ነው። አታሚው ድርጅት ናሙናውን እንደ እውነተኛው ኖት አድርጎ ካዘጋጀ በኋላ ተራ ቁጥሩን ብዙውን ጊዜ በዜሮ ይሞላዋል፤ ናሙና መሆኑን የሚገልጽ ቃል ያትምበታል፤ አንዳንዴም ይበሳዋል። ናሙናው በዚህ አኳኋን የመግዛት ኃይሉን ያጣል፤ የማስተማር ኃይሉ ግን አብሮት ይቀራል። ተግባሩም ባንኮች እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዲለዩ ማስቻል ነው።

በአገራችን ይህ ጥናት ሰፊ መስክ አለው። የአቢሲኒያ ባንክ ኖቶች በ1915 እ.ኤ.አ. መውጣት ጀመሩ። በ1931 የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ በ1945 ደግሞ የመንግሥት ባንክ ኖቶች ታወጁ። በ1976 የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለባቸው ኖቶች ተለወጡ። በአዲሶቹ ላይ የተጻፈው «1969» የሚለው ዓመተ ምሕረት ለብዙ ዓመታት እንዳለ ስለ ቆየ፣ ሰብሳቢዎች የኅትመቱን ዘመን የሚለዩት በፊርማው ነው። ነገር ግን ናሙና ብዙ ጊዜ የሚበሳው በዚያው በፊርማው ላይ ነው። ስለዚህ አጥኚው ናሙናውን በገበያ ከዋለው ኖት ጋር አስተያይቶ ሊመረምር ይገባዋል።

ጉዳዩ ለዲላና ለጌዴኦ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በአምስት ብሩ ኖት ላይ የሚታየው ቡና ለቃሚ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የአሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶች እንዲለወጡ፣ የሁለት መቶ ብርም እንዲጨመር ሲነገር፣ አምስት ብሩ በነበረበት ቀረ። የሦስት ወሩ የመለወጫ ጊዜ ግን በጌዴኦ እሸት ቡና ከሚለቀምበት ወቅት ጋር ገጠመ። የዓመት ልፋቱን በጥቂት ወራት የሚሸጠው ገበሬ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ኖት በእጁ ሊቀበል ግድ ሆነበት። በሐሰተኛ ኖት የሚከስረውም መጨረሻ ላይ የያዘው ሰው ነው።

እንግዲህ ናሙና ኖት የባለጸጋ መሳቢያ ጌጥ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። የቀድሞዎቹ ናሙናዎች በውጭ አገር ጨረታ እየተሸጡ ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ያልፋሉ። የዲላ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ጥቂቶቹን ሰብስቦ ለሕዝብ ቢያሳይ፣ ተማሪው የአገሩን ታሪክ ያነብባቸዋል፤ ገበሬውም የውሃ ምልክቱን በብርሃን አይቶ፣ የደኅንነት ክሩን ተመልክቶ፣ የኅትመቱንም ሻካራነት በጣቱ ዳስሶ ገንዘቡን መለየት ይማርባቸዋል። መለኪያ ጥቅም የሚሰጠው የሚለካው ሰው እጅ ሲደርስ ነውና።