የጭነት መኪና በብቸናና በሞጣ በየት በኩል ይግባ?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አርእስቴ ስለ ጭነት መኪና መሆኑን ሰምተው ፈገግ ያሉ አሉ። በዚህ አዳራሽ ስለ ኢንዱስትሪ ብዙ ተናግረናል፤ ጤፉ ከጎተራ ወጥቶ መኪና ላይ ስለሚጫንበት ቦታ ግን የጠየቀ የለም።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ አገር አቋራጭ ጎዳና ነው፤ የከተሞቹ ዋና መንገድም እሱው ነው። በገበያ ቀን አህያው፥ ባጃጁ፥ ተማሪውና ባለ ተሳቢው መኪና በአንድነት ይጋፉበታል። እስቲ እናስላ፤ አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ቢጭን፥ አራት መቶ ኩንታል የሚይዝ መኪና ለመሙላት ስምንት መቶ አህያ ያስፈልጋል። መጋዘኑ በመንገድ ዳር ከሆነ ይህ ሁሉ የሚራገፈውና የሚጫነው በሰው መተላለፊያ ላይ ነው።

ለኢንዱስትሪ ቦታ ሲከለል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ መሬቱ ይሸነሸናል፤ የመኪናው መግቢያ በኋላ ይፈለጋል። ይህ የተገለበጠ ሥራ ነው። ባለ ተሳቢ መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ማእዘኑ ጠባብ ከሆነ ቦዩን ይረግጣል፥ አጥሩን ይጥላል። አጥሩ ከታጠረ በኋላ ማእዘኑን ማስፋት ደግሞ ካሣና ክርክር ነው።

የብቸና ዙሪያ ጥቁር አፈርም አለ። ለጤፍ በረከት ነው፤ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መንገድን ግን ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ የተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፥ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአንድ አክስል ላይ ባለው ክብደት ልክ ሳይሆን በግምት በአራተኛ ርቢው ያድጋል። ከመጠን በላይ አንድ አምስተኛ የጨመረ ሾፌር ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሚዛን በመጫኛው ግቢ ውስጥ ይኑር፤ መኪናው ከወጣ በኋላ መቅጣት መንገዱን አይመልሰውም።

ሞጣን በተለይ ላንሣ። በ2013 ዓ.ም. ለተመረቀው ለቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምርት እንዲሰበስቡ ከታቀዱት የገጠር ሽግግር ማዕከሎች አንዱ የሞጣ ነው። ነገር ግን በሞጣና በቡሬ መካከል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው ጮቄ ተጋድሟል። በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ለሾፌሩ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ የነዳጁም ዋጋ ዞሮ ከገበሬው ኩንታል ላይ ይቀነሳል።

የአዲስ አበባን ነገር እንመልከት። እህል በረንዳ በመርካቶ መካከል ስለ ተተከለ የጎጃም ጤፍ የጫነ መኪና ከተማውን ሰንጥቆ መግባት ነበረበት። በ2011 ዓ.ም. የጭነት መኪና በቀን እንዳይንቀሳቀስ የሰዓት ገደብ ሲወጣ፥ ሾፌሩ በከተማው ዳር ሌሊቱን ይጠብቅ ጀመር። ትልቁ ከተማ በገደብ ሊፈታ የሞከረውን ትንሹ ከተማ ገና በንድፉ ሊያስቀረው ይችላል።

መኪናው በከተማው ዳር ዞሮ ይለፍ ስንል ጫኝና አውራጁ፥ ሻይ የምታፈላውም እናት «እኛስ?» ይሉናል። እውነት አላቸው። መጫኛው ግቢ ከከተማ እጅግ ቢርቅ እንጀራቸው ይቀራል። በእኔ አስተያየት ግቢው ከገበያው በእግር የሚደረስበት፥ የመኪናው በር ግን ወደ ውጭ የሚከፈት መሆን አለበት፤ ሾፌር የሚያርፍበት ጥላና መጸዳጃም አይረሳ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደ ተዘጋ ታውቃላችሁ። ቢሆንም መሄድ በሚቻልበት የገበያ ቀን ከኅብረቱ አራት ሰው ወደ ብቸና፥ አራት ሰው ወደ ሞጣ ሄደው ከጠዋት እስከ ማታ የገባውን መኪና፥ የቆመበትን ስፍራና ሰዓት እንዲመዘግቡ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመመዝገቢያውን ሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ስጡኝ።