ከምደባ በኋላ ያለው ሥራ



«አገናኝ» ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ደላላ ነው። ደላላ ሁለቱን ወገን ያስማማል፣ ድርሻውን ይቀበላል፣ ይሄዳል። እኔ ዛሬ የማነሣው ከተስማሙም በኋላ የማይሄደውን አገናኝ ነው፤ በክልል ደረጃ ቆሞ በሥራ ፈላጊውና በቀጣሪው መካከል የሚመላለሰውን ተቋም። አስረጂዬ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው።

ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው እንደሚቀጥር ታቅዶ ነበር። ስፌት የለመደ እጅ ግን በዚያ ቁጥር ከየት ይምጣ? የክልሉ መንግሥት፣ የፓርኩ ባለሀብቶችና የልማት አጋሮች ተመካክረው የጋራ ምልመላ ጀመሩ። ሥራ ፈላጊዋ ልጅ በአካባቢዋ ትመዘገብ፣ የጣቶቿ ቅልጥፍና ይፈተን፣ ደረጃ ይሰጣትና ስለ ፋብሪካ ሕይወት አጭር ሥልጠና ወስዳ ትመደብ ነበር። ይህ ግሩም ሐሳብ ነበር፤ ዛሬም ግሩም ነው እላለሁ። አንድ ፋብሪካ ብቻውን ወረዳዎችን አያስተባብርም፤ ከገጠር የመጣች ወጣትም ብቻዋን ከውጭ ኩባንያ ጋር አትደራደርም።

ታዲያ ምን ሆነ? የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት መሠረት የመነሻው ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ፋብሪካዎቹ ሥራ በጀመሩበት ዓመት የለቀቁት ሠራተኞች ቁጥር በአማካይ ከጠቅላላው ሠራተኛ ጋር የሚተካከል ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ኪራይ ቤቶቹ መግባት ይበቃል። አራት ልጆች አንዲት ጠባብ ክፍል ይጋራሉ። ደመወዝ ሲወጣ ቅድሚያው የቤት ኪራይ ነው፣ ቀጥሎ ምግብ። በገጠር ያለች እናት ደግሞ «ልጄ ፋብሪካ ገብታለች» ብላ የምትልክላትን ብር ትጠብቃለች።

የሚለቁበት ምክንያት ስንፍና ነው፣ የሥራ ባህል ማጣት ነው ያሉ ነበሩ። እኔ አልቀበለውም። ልጅቷ ሒሳቧን አስልታ ነው የወጣችው። ወደ ፋብሪካ ስትላክ «ሥራ አለ» ተብላለች፤ ከኪራይና ከምግብ በኋላ ምን እንደሚተርፋት የነገራት ሰው ነበር ወይ? ይህን መንገር የአገናኙ ሥራ ነው። ለባለሀብቱም «በዚህ ደመወዝ ሰው አይቆይልህም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር እንዲሁ የእሱ ሥራ ነው። ሁለቱ ወገኖች በቀጥታ ቢነጋገሩ አቅማቸው አይመጣጠንም፤ መካከለኛው ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የላከውን ሰው ቁጥር ብቻ ሪፖርት የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ይህን ሊያደርግ አይችልም። ከስድስት ወር በኋላ ስንቶቹ በሥራቸው ላይ እንዳሉ ቢጠየቅ፣ በማግሥቱ የመኖሪያ ቤትና የሌሊት ፈረቃ ትራንስፖርት ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ በወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከፓርኩ መውጣቱን አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ሀገራችን ከአሜሪካው ከቀረጥ ነጻ የአጎዋ ገበያ ታገደች። ጦርነቱን ማስቆም፣ የዋሽንግተንን ውሳኔ መቀልበስ ከማንኛውም የክልል ተቋም አቅም በላይ ነው። ሦስት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ ሥራዋን ያጣች ሴት ግን ሙያዋ በስሟ ተመዝግቦ፣ በሌላ ከተማ ኮሌታ የሚያሰፋ ፋብሪካ ሲፈልጋት ስልክ የሚደውልላት መሥሪያ ቤት ሊኖራት ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው በምልመላው ቀን የተከፈተው መዝገብ፣ ከምደባ በኋላም እንዳይዘጋ ማድረግ ነው።