መስጠትና መጠየቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በሐድያና በከምባታ አስተዋይ ቤተሰብ የጓሮውን እንሰት በአንድ ዓመት ነቅሎ አይጨርስም። የደረሰውን ብቻ ይቆርጣል፤ በፋንታውም ችግኝ ይተክላል። ፋውንዴሽን የሚባለው የበጎ አድራጎት ተቋምም አሠራሩ ይህንኑ ይመስላል። ዋናው ገንዘብ ይቀመጣል፤ ከሚያፈራው ትርፍ ለችግረኞች፣ ለኪነ ጥበብ፣ ለደን ጥበቃ ይሰጣል።

በቤልጅግ አገር፣ ንጉሥ ቦዱዋን የነገሡበት 25ኛ ዓመት በ1976 እ.ኤ.አ. ሲከበር፣ በስማቸው እንዲህ ያለ ተቋም ተመሠረተ። ይህም ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ልማት ሽልማቱን ለከምባታ ተወላጅ ለቦጋለች ገብሬ ሰጠ።

ቦጋለች በ2019 እ.ኤ.አ. ዐርፈዋል፤ ሥራቸው ግን ይናገራል። በ1997 እ.ኤ.አ. ከእኅታቸው ጋር ኬ.ኤም.ጂ. የተባለውን የሴቶች ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ ሐሳባቸው የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረት ነበር። የአገሩ ሰው ግን አስቀድሞ የጠየቃቸው ድልድይ ነው፤ ወንዝ ሲሞላ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት መሻገር አይችሉምና። ድልድዩ ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ጆሮውን ሰጣቸው። ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ወንዱም ሴቱም አብረው ተቀምጠው ተወያዩ። ቀድሞ ሴት ልጅ ሁሉ ትገረዝ በነበረበት አካባቢ፣ ዩኒሴፍ በ2008 እ.ኤ.አ. ባስጠናው ጥናት ልማዱ ከመቶ ከ3 በታች ወርዶ ተገኘ።

እንግዲህ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። ሰጪው አስቀድሞ መጠየቅና ማዳመጥ አለበት።

ይህን የምለው ከራሳችን ጥፋት ተምሬ ነው። ዓምና ከአጠገቤ ትቀመጥ የነበረች ልጅ መቸገሯን ባየን ጊዜ ደብተር አዋጥተን ሰጠናት። እርሷ ያጣችው ግን የቤት ኪራይ ነበር። ማናችንም አልጠየቅናትም። ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ገጠር ተመለሰች፤ ደብተሮቹም ሳይጻፍባቸው ቀሩ።

ጓደኞቼ ሆይ! ለመሰናበቻ ድግሳችን ከምናዋጣው ገንዘብ ግማሹን በትምህርት ቤቱ ስም ባንክ እናስቀምጥ። ወለዱ ጥቂት እንደሚሆን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን የከርሞዎቹ ተመራቂዎች ቢጨምሩበት፣ የእነርሱም ተከታዮች እንዲሁ ቢያደርጉ፣ እንደ እንሰቱ እየተተካ ይኖራል። ከመስጠታችን በፊትም፣ «ምን ጎደለህ? ምን ጎደለሽ?» ብለን እንጠይቅ።

ወላጆቻችን በእድር ያስተማሩን ይህንኑ መረዳዳት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን?