አንዱ ጆንያ ሦስት ሲሆን
(በሮቤ ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ባሌ የስንዴ አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በኮምባይነር የታጨደው እህል በጆንያ ሆኖ መጋዘን ሲገባ፥ በበሩ የቆመው ሰው ለእያንዳንዱ ጆንያ የቆጣሪውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫናል እንበል። ቆጣሪውን የሠራነው እኛ ነን፤ ገበሬውም ተሸካሚውም ሒሳባቸውን የሚቀበሉት በዚሁ ቁጥር ነው። ማታ 100 ጆንያ 137 ሆኖ ቢገኝ ማን ይጠየቃል? ቁልፉን የተጫነው ምስኪን ሌባ ይባላል፤ ጥፋቱ ግን የብረቱ መንጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲጫን በውስጡ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ይጋጫሉ፤ እንደ ኳስ ነጥረው ይላቀቃሉ፤ እንደገና ይገናኛሉ። ጸጥ እስኪሉ ጥቂት ሚሊሰከንድ ያልፋል። ለጣታችን ይህ ከምንም አይቆጠርም። በ16 ሜጋኸርዝ ለሚሠራው አትሜጋ328ፒ ግን አንድ ሚሊሰከንድ 16,000 ምት ነው፤ እያንዳንዱን ንጥረት አዲስ ጆንያ ብሎ ለመመዝገብ ጊዜ ይተርፈዋል። ጃክ ጋንስል የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ 18 ቁልፎችን በለካ ጊዜ የብዙዎቹ ንጥረት ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ሲሆን፥ አንዱ ክፉ ቁልፍ ግን 157 ደርሷል።

አንዳንድ ጓደኞች ቁልፉን ከኢንተረፕት ጋር አስረው በውስጡ «ቆይ» ብለው ያዛሉ። እኔ ይህን አልወደውም፤ አንዱን ቁልፍ ለማስታመም ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆማልና። ይልቅስ ታይመር በየ5 ሚሊሰከንዱ ቁልፉን ይመልከት። በተከታታይ አራት ጊዜ «ተጭኗል» ካለ ይታመን፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቢያወላውል ከዜሮ ይጀመር። ለመለቀቁም እንዲሁ አራት ምስክር ይፈለግ፤ ቁልፉ ሳይለቀቅ ሁለተኛ ጆንያ አይቆጠርም። የሚዘገየው 20 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ጆንያ የሚያወርድ ጉልበተኛ በባሌ ገና አልተወለደም።

ዳሩ ግን የአጨዳ አቧራ አለ። የቺፑ የውስጥ ሬዚስተር ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም በመሆኑ፥ በ5 ቮልት በብረቶቹ የሚያልፈው ጅረት ከሩብ ሚሊአምፔር አይበልጥም፤ አቧራና ዝገት የሸፈነውን ብረት ሁልጊዜ ዘልቆ አይሄድም። ከውጭ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብናስገባ 5 ሚሊአምፔር ያህል እናገኛለን። ብረቱ ጨርሶ ካልተነካካ ግን ፕሮግራም ምን ያደርጋል? ስለዚህ ገንዘብ ካለ አቧራ የማያስገባ የታሸገ ቁልፍ ይገዛ።

እንግዲህ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቁልፍ በኦሲሎስኮፕ ለኩ። ትንሽ ረዘም አድርጎ የሚነጥር ከሆነ ምስክሩን ከአራት ወደ ስምንት አሳድጉ፤ እንደዚያኛው 157 የሚደርስ ከሆነ አውጥታችሁ ጣሉት።