ያረጀ ጎማ ለእግር ጋሻ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጫማ ነው። «ስለ ጫማ ደግሞ ምን ወሬ አለ?» ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ!

የአሶሳ አፈር ቀይ ነው። ክረምቱም ረዥም ነው። በማሳው እሾህ አለ፤ ሽመል በተቆረጠበት ደግሞ የሾለ ጉቶ አለ። ታዲያ በባዶ እግር ስንሄድ ምን ይደርስብናል? እንቆስላለን። መንጠቆ ትል የሚባለው የሆድ ትልም በእግራችን ቆዳ ይገባል።

ሌላም አለ፤ ዝሆኔ። አንዱን ዓይነት ዝሆኔ ትንኝ ያመጣዋል። ሌላው ግን ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ይህን አጥንተዋል። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ይገባል፤ እግርም ያብጣል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

«የጫማ መግዣ ከየት ይምጣ?» እውነት ነው፤ ገንዘብ ያጥራል። ግን በረባሶ አለ አይደል? ያረጀ ጎማ መኪና መሸከም ያቅተዋል፤ ሰውን ግን ገና ብዙ ዘመን ይሸከማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠሪው እግራችንን ጎማው ላይ አስቆሞ ዙሪያውን ያሰምራል። በተሳለ ቢላዋ ይቆርጣል። ቢላዋውን ውኃ ሲያስነካው ይቀለዋል። ከቀጭኑ ጎማ ማሰሪያ አውጥቶ በምስማር ይመታል። ሽቦ ያለበት ጎማ ግን አይመረጥም፤ ቢላዋ ያስቸግራል፤ የሽቦው ጫፍም እግር ይወጋል።

በረባሶ የድሃ ጫማ ነው ብሎ የሚያፍር አለ። ማፈር የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2004 ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ የጫማ ሥራ አቋቋሙ። ሶሉን የሚሠሩት ካረጀ የመኪና ጎማ ነበር። ያ ጫማ ባሕር ተሻግሮ በውጭ አገር ተሸጧል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። በረባሶ ከእሾህና ከጉቶ ይጠብቃል እንጂ ክፍት ስለሆነ ጭቃ ያስገባል። ስለዚህ ማታ ማታ እግራችንን በሳሙና ታጥበን፣ በጣቶቻችን መካከል ሳይቀር እናድርቅ። አቅም ሲገኝ ሽፍን ጫማ እንግዛ።

የተጣለ ጎማ ስናይም አናቃጥለው፤ ጭሱ ጤና ይጎዳል። ሜዳ ላይም አንተወው፤ ውኃ ያቁርና ትንኝ ይራባበታል። ለሠሪው እንስጠው። ልጆቻችንም መሄድ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ጫማ ይልመዱ። እግር ከታመመ ማን ያርሳል?