ወደ ፋሲካ ገበያ የሚሄደው አውራ በግ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በፍኖተ ሰላም ከቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ በቆሎ ዋጋ ብዙ ተነግሯል። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝና ስለ በግ የሆድ ትል እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ክረምቱን በጨፌ የከረመ በግ የሚገጥመውን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከመንጋጋው ሥር ያብጣል፤ የዐይኑ ቆብ ውስጡ ይነጣል፤ አንድ ቀን ጠዋት ሳይነሣ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ሄሞንከስ የሚባለው ደም መጣጭ ትል ነው። አንዷ ሴት ትል በቀን 5,000 ያህል ዕንቁላል ትጥላለች። አንድ ትል በቀን የሚመጠው አንድ ጠብታ ደም ቢሆን ነው፤ 1,000 ትል ግን 50 ሚሊ ሊትር፣ የቡና ስኒ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደም ይወስዳል።

በአንድ መስክ የዋሉ በጎች ግን እኩል አይታመሙም። አንዱ ትሉ በሆዱ እንዳይራባ ይከላከላል። ሌላው ትሉን ተሸክሞም አይከሳም። ይኸኛው ለባለቤቱ ደግ ነው፤ ለጎረቤት ግን በወል ግጦሹ ላይ ዕንቁላል ይዘራል።

ልዩነቱ በዝርያም ይታያል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኬንያ ጠረፍ ቀይ ማሳይ የተባለው የአገሬው በግ ከዶርፐር ጋር ተነጻጽሮ ነበር። በዚያ እርጥብ አገር የቀይ ማሳይ ግልገሎች በፋንድያቸው የተገኘው የትል ዕንቁላል አነስተኛ ነበር፤ ሞታቸውም ያነሰ ነው። ዶርፐር በደቡብ አፍሪካ ለደረቅ ምድር የተዳቀለ፣ ቶሎ የሚያድግ በግ ነው። ወደ እኛም አገር ገብቶ ከዋሸራችን ጋር ተዳቅሏል። እኔ ዶርፐርን አልጠላም። ነገር ግን ቡሬና ፍኖተ ሰላም ደረቅ ምድር አይደሉም! ዲቃላው በእኛ ክረምት እንዴት እንደሚከርም ሳናይ ሴት በጎቻችንን ሁሉ ለእርሱ አንስጥ።

ከዋሸራም ውስጥ ጠንካራና ደካማ አለ። ችግሩ ፈጥኖ ያደገውን፣ ክረምቱን ያለ ሕመም ያለፈውን ወጠጤ ለፋሲካ እንሸጠዋለን፤ ሴቶቹን የሚያጠቃው ከገበያ የተረፈው ይሆናል። በየመንደሩ አምስት ስድስት ቤት ተስማምቶ አንድ ደህና አውራ ቢያስቀር፣ ዩኒየኑም የገበያ ዋጋውን ለባለቤቱ ቢከፍል፣ ወጪው ከባድ አይመስለኝም።

አውራውን ለመለየት በነሐሴና በመስከረም በየሁለት ሳምንቱ የዐይኑን ቆብ ገልጣችሁ እዩ፤ የእናቱንም ጭምር። ቀልቶ የሰነበተውን ምልክት አድርጉበት፤ ፋንድያውንም ለምርመራ ወደ ክሊኒክ ላኩ፤ ትል ተሸክሞ የወፈረው የሚታወቀው በዚያ ነው። መድኃኒቱን ለነጣው ስጡ። ለሁሉም በጅምላ ከተሰጠ ማን ጠንካራ እንደሆነ አይታወቅም፤ ትሉም መድኃኒቱን ይለምዳል። የሚሰጠው መጠን ደግሞ በበጉ ክብደት ልክ ይሁን፤ ለአንዱ የታዘዘውን ለሁለት ማካፈል ትሉን ማስተማር ነው።

የዘንድሮዎቹን ወጠጤዎች ገና ስላልሸጣችሁ ከዛሬው ስብሰባ በኋላ ከየማኅበሩ የእንስሳት ኮሚቴ ጋር ለመነጋገር እዚሁ እቆያለሁ።